የቀለም መስታወት ወይስ ስቲከር? ከባሕር ዳር የተነሳ ጥያቄና 34 መልሶች

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ሥራዬ የብረት በርና መስኮት፣ አሉሚኒየምና መስታወት ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ከዚህ ውስጥ ስምንቱን ዓመት ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር የቀለም መስታወት እየቆረጥኩ በእርሳስ ስገጥም ነው የኖርኩት። ሙያውን ያስተማሩኝ አዲስ አበባ ውስጥ የተሰበሩ የድሮ መስኮቶችን ይጠግኑ የነበሩ አንድ አባት ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና አሁን በሕይወት የሉም።

ባለፈው ወር አንድ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ጠራኝ። ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ መስኮቶቹ ረጃጅም፣ አናታቸው ቅስት። አሥራ ሁለት መስኮት ለካሁና ዋጋ አቀረብኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ማተሚያ ቤት በተራ መስታወት ላይ የሚለጠፍ የቅዱሳን ሥዕል በእኔ ዋጋ አንድ አምስተኛ ሊሠራ እንደተስማማ ሰማሁ። ሰብሳቢው ደግ ሰው ናቸውና ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ጠርተው ልዩነቱን አስረዳን አሉኝ። ቆሜ ማስረዳት አቃተኝ። የማውቀው በእጄ እንጂ በአፌ አይደለም።

ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። ስቲከሩ ከሩቅ ሲታይ ያው ቀለም ነው፤ ታዲያ ለምን ያንገበግበኛል? በአገራችንስ ዕድሜውን ለዚህ ሥራ የሰጠ ሰው ታሪክ ማን ያጫውተኝ? እኔ በበኩሌ ሰዓሊውን አፈወርቅ ተክሌን ሰው ሁሉ በሸራ ሥዕላቸው ቢያውቃቸውም፣ ትልቁ ሥራቸው አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው፣ ፀሐይ አልፋበት የምትገባው መስታወት ነው ባይ ነኝ።

ተጨማሪ፦ መልሱ 34 ስለደረሰና አዲስ የምትገቡ የተመለሰውን መልሳችሁ ስለምትጠይቁ፣ የተባለውን እንደየተራ ቁጥሩ እዚሁ አሳጥሬ አኑሬዋለሁ። የሰዎቹን ሐሳብ እንጂ ቃላቸውን አልገለበጥኩም። አዛብቼ ያስቀመጥኩት ካለ አርሙኝ።

መልስ 1
ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የጻፈ ወንድም ነው። ሥራዬን ከመረቀ በኋላ በሰፈራቸው ደብር የደረሰውን ነገረን። የተለጠፈው ሥዕል ሁለተኛውን ክረምት ሳይጨርስ ከጠርዙ መላቀቅ ጀመረ፤ የመልአኩ ክንፍ ተጠቅልሎ ወረደ፤ ልጆች ከቅዳሴ በኋላ በጥፍራቸው እየላጡ መጫወቻ አደረጉት። ሰበካ ጉባኤው እስካሁን ሁለት ጊዜ አስቀይሯል። ሦስተኛውን ሲጨምሩበት ዋጋው የእኔን ሊጠጋ ነው የሚል ስሌት አለው።

መልስ 2
የሥነ ጥበብ መምህርት ናቸው፤ የአፈወርቅን ታሪክ ከሥሩ ጀምረው ጻፉልን። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። በልጅነታቸው እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር፤ አገሪቱ ያኔ የምትፈልገው መሐንዲስ ነበርና። እጃቸው ግን ወደ ሥዕል አዘነበለ፤ ለንደን ውስጥ መጀመሪያ ሴንትራል የጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ስሌድ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1954 ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን አሳዩ። መምህርቷ ያጎሉት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ለእኔም አዲስ ነገር ነበር። በትርኢቱ ስም ካተረፉ በኋላ አርፈው አልተቀመጡም፤ ወደ አውሮፓ ተመልሰው ሁለት ዓመት ያህል ከአገር አገር እየዞሩ የመስታወት ሥራን አጠኑ፤ በዚያው ጉዞ በውጭ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የእኛን የብራና ሥዕሎችም ተመለከቱ። ሰው ዕውቅ ከሆነ በኋላ ተማሪ መሆኑ መምህርቷን ያስደንቃቸዋል። እኔንም አስደንቆኛል።

መልስ 3 እና 4
3ኛው ተቆጣ። አፈወርቅ ተክሌ ብዬ ስማቸውን በባዶው መጥራቴ ድፍረት ሆኖ አገኘው፤ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት መባል እንደሚገባቸው፣ የራሳቸው ምስል ፍሎረንስ በሚገኘው የኡፊዚ ሙዚየም ከገባላቸው ሰዓሊዎች አንዱ ስለሆኑ ሰው እንደጎረቤት እንደማይወራ ገሠጸኝ። 4ኛው የእኔ ነው፤ ይቅርታ ጠየቅሁ። በሙያችን ታላቅን ሰው በስሙ መጥራት ልማድ ሆኖብን እንጂ ንቀት አልነበረም። ከዚህ በኋላ ሜትር አርቲስት እላለሁ።

መልስ 5
አዲስ አበባ የሚኖር መሐንዲስ አረመኝ፤ ልክም ነው። እኔ ስለ ቤተ ክርስቲያን መስኮት እየጠየቅሁ ምሳሌ ያደረግሁት የአፍሪካ አዳራሽን ሲሆን፣ እሱ የስብሰባ አዳራሽ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ሕንፃውን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የሜትር አርቲስቱ መስታወት 150 ካሬ ሜትር ሲሆን በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ የዛሬውንና የነገውን ያሳያል። የቤተ ክርስቲያን ሥራቸውን የሚፈልግ አዲስ አበባ ጊዮርጊስ ሄዶ ሥዕላቸውንና ሞዛይካቸውን ይይ አለ። በዚያው ሞዛይክና የቀለም መስታወት አንድ እንዳልሆኑ አስገነዘበን፤ ሞዛይክ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ብርሃንን ይመልሳል፣ መስታወቱ ግን ያሳልፈዋል። ለቀለም መስታወት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ጠቆመ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በመስኮቶቹ ላይ በብርሃን የተጻፈበት ቦታ ነው። እኔም የሞቱትን መምህሬን ተከትዬ መጀመሪያ አንገቴን ያቀናሁት እዚያ ነበር።

መልስ 6 እና 7
አዳራሹ በ1953 ነው ወይስ በ1961 የተመረቀው በሚል ሁለት ሰዎች ተሟገቱ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ቆጥረው ነው። 7ኛው አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና መከፈቱንና መስታወቱም አብሮ መታደሱን አከለ። ሄዳችሁ የምታዩ ጠዋት ወይም ማታ እያላችሁ ሰዓት እየመረጣችሁ እዩት፤ መስታወት በቀትርና በምሽት አንድ ሥራ አይደለም።

መልስ 8
ከሁሉም ያሳሰበኝ ይህ ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት፣ የዘጌ ልጅ። ትሕትና ሳይጎድላት ጠንከር አድርጋ ጻፈች። የጣና ገዳማት ጨለማቸው ሳያስቡት የመጣ አይደለም ነው የምትለው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገባ ከውጭ ፀሐይ ወደ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ከዚያ ወደ ቅድስቱ እያለፍክ ዓይንህ ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ በጭቃው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው የተሣለው። ቀጥተኛ ፀሐይ ስለማያገኘው ነው ቀለሙ እስከ ዛሬ የቆየው። የሣሩ ክዳን ወደ ታች ወርዶ ጥላ የሚሰጠው፣ የዙሪያው በረንዳም ያለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ትልልቅ የመስታወት መስኮት የከፈተ ሰው ሥዕሉን በፀሐይ ያስበላዋል። ሲጠቃለል፣ የቀለም መስታወት ለአዲስ ሕንፃ ይሁን፣ ለድሮው ግን አይነካ።

ይህን ሳነብ አፈርኩ። ከሦስት ዓመት በፊት ከሐይቁ ማዶ ያለ አንድ አሮጌ ደብር መስኮቱን እንድሠራ ጠይቆኝ፣ ልሠራ ተስማምቼ ነበር። ቀብድ ስላልመጣ ብቻ ቀረ። ቢመጣ ኖሮ የማይመለስ ጥፋት በእጄ አድርጌ ነበር።

መልስ 9
የእኔ ነው። ልጅቷን ካመሰገንኩ በኋላ ስቲከር የማይሠራውን በአንድ ቁራጭ ልግለጽ ብዬ ጻፍኩ። ሰማያዊው መስታወት ሰማያዊ የሆነው ላዩ ስለተቀባ አይደለም፤ ገና በእቶን ሲቀልጥ ኮባልት ስለገባበት ነው። ቀለሙ ውስጡ ነው፤ ቢቧጥጡት አይለቅም፣ ፀሐይም አይወስደውም። ለአረንጓዴው መዳብ ይገባል፣ ለሮዙ ወርቅ። ንድፉን በሙሉ ልኩ ወረቀት ላይ አወጣና እያንዳንዷን ቁራጭ ቁጥር እሰጣታለሁ። መስታወቱን ንድፉ ላይ ጋድሜ በአልማዝ አሰምራለሁ። መስመሩ የሰመረ እንደሆነ ድምፁ ሐር ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ነው፤ ያልሰመረ እንደሆነ ይንጫጫል፣ ያኔ እጅህን አንሳ። ከዚያ ከሥር በአልማዙ ጭራ ቀስ ብለህ ትመታዋለህ፤ ስንጥቁ በመስመሩ ሥር እንደ ጸጉር ሲሮጥ በዓይንህ ታየዋለህ። ሁለቱን ጎን ይዘህ ወደ ታች ስታጥፈው ይለያያል። በሁለት ጎኑ ቦይ ያለው የእርሳስ ዘንግ ቁራጮቹን ያያይዛል፤ መጋጠሚያው ይበየዳል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ በመጋዝ ዱቄት ይታሻል። አንድ መስኮት ከሁለት መቶ በላይ ቁራጭ ይይዛል።

መልስ 10
አንድ ወንድም እርሳስ ያልኩትን መጻፊያው መስሎት መስታወት በእርሳስ እንዴት ይያያዛል ብሎ ጠየቀ። ማዕድኑ መሆኑን፣ ለስላሳ ስለሆነ በቢላ እንደሚቆረጥና በእጅ እንደሚታጠፍ አስረዳሁት።

መልስ 11
አንድ ዲያቆን በጣም ጠቃሚ ነገር አመጣ። በእኛ ሥርዓት ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዲታዩ ሆነው ነው የሚሣሉት፤ ጎኑን ብቻ ሰጥቶ በአንድ ዓይን የሚሣለው ከሐዲው ወይም አሳዳጁ ነው። በመስታወት ሥራ የእርሳሱ መስመር የቅዱሱን ፊት ወይም ዓይን ከሰነጠቀው ታዲያ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። መልሴ ፊት ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ መሆን አለበት የሚል ነው። መስመሩ በጸጉሩ ጠርዝ፣ በልብሱ እጥፋት፣ በብርሃን አክሊሉ ዙሪያ ይሄዳል። ዓይንና አፍንጫ በብረት አመድና በተፈጨ መስታወት በተዘጋጀ ቡናማ ቀለም ይሣላል፤ ከዚያ እቶን ገብቶ ከመስታወቱ ጋር ይዋሐዳል።

መልስ 12 እና 13
12ኛው ታፔላ ጸሐፊ ነው። ፊደሉን አስታወሰኝ፤ ማታ ቤተ ክርስቲያኑ መብራት ሲበራ ከውጭ የሚያይ ሰው የቅዱሱን ስም በተገላቢጦሽ ነው የሚያነበው። ይህ ነገር ስምንት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን እንኳን አልታየኝም። መምህሬ ሁልጊዜ ከውስጥ ሆነው ስለሚያዩት ይሆናል። 13ኛው ስሙን ጭራሽ መተው ይሻላል አለ፤ ዲያቆኑ ግን ሥዕል ያለ ስም ማንነቱ ስለማይታወቅ አይሆንም ብሎ ከለከለ። የተስማማነው ስሙ በውስጥ ላለው ጸሎተኛ እንዲነበብ፣ ከውጭ ግን ጎልቶ እንዳይታይ ወፍራም ቀለም ባለው ታችኛው ክፍል ላይ እንዲቀመጥ ነው።

መልስ 14
ፈረንሳይ የምትኖር እህት ስለ ሻርትር ካቴድራል ጻፈች፤ ከ12ኛውና ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀረ መስታወት ስላለበት። እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነቱ ሊጀመር ሲል መስታወቶቹ አንድ በአንድ ተነቅለው ተደብቀው ነበር። ያሰቡትን ሰዎች አመሰገነች፤ ከዚያ ግን የማን እጅ ቆረጣቸው ሲባል የሚታወቅ ስም እንደሌለ አዘነች። ይህን አንብቤ ወደ ሐይቃችን ተመለስኩ። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ላይ ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ሰግደው ተሥለዋል። ያሠራው ይታያል፣ የሣለው አይታይም። የእኛ መስታወት ቆራጭም ያው ነው የሚሆነው። ይህ ነገር አልዋጥ ይለኛል።

መልስ 15
ክሩ (ውይይታችን) መሻከር የጀመረው እዚህ ጋ ነው። የስቲከር ማተሚያ ያለው ሰው ነው። እኔን ትዕቢተኛ አድርጎ ወሰደኝ። እሱም እንጀራ እንደሚበላበት፣ ብዙ ደብር ጣሪያ ቆርቆሮ እንኳን ያልጨረሰ መሆኑን፣ የሙዳየ ምጽዋት ሳንቲም የምታስቀምጥ መበለት ገንዘብ በሁለት መቶ ቁራጭ መስታወት ላይ የሚውለው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ስለ ጥበብ ሲወራ ስለ ድሃ ማሰብ እንደሚቀር ተናገረ። ቃሉ ያመኛል፤ ግን ስለ መበለቷ የተናገረው እውነት ነው። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ እናቴ ከምታገኘው ላይ ቆጥባ ለደብሩ ጉልላት ስትሰጥ ያየሁ ነኝ። ስለዚህ አሥራ ሁለቱንም ልሥራ ያልኩበትን ሐሳብ ያስለወጠኝ እሱ ነው፤ ስሜቱ ከርሮ ቢናገርም።

መልስ 16 እስከ 18
16ኛው ከጉዳዩ ወጣ። የቀለም መስታወት የካቶሊክ ነው፣ ጣናን ከሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት ኢየሱሳውያን ያመጡት መንፈስ ነው ብሎ ጻፈ። 17ኛው፣ አዛውንት ይመስሉኛል፣ በጥሩ አማርኛ ገሠጹት፤ ጎርጎራ አካባቢ የነበሩትን ኢየሱሳውያን ፋሲል ካባረራቸው ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት አልፎ ነው መስታወቱ አዲስ አበባ ሥላሴ የገባው፤ ያስገባውም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነው። 18ኛው ሁለቱንም ሰድቦ ስለነበር አወያዩ አጠፋው። እኔ የ17ኛውን ሐሳብ እቀበላለሁ። ሥርዓቱ የእኛ ሆኖ፣ ፊቱ የእኛ ሆኖ፣ ስሙ በፊደላችን ተጽፎ፣ መስታወቱ ከየትም ቢገዛ ሥራው የእኛ ነው።

መልስ 19 እስከ 22
ወደ ሐይቁ ወጣን። 19ኛው መስታወት ወደ ደሴት በጀልባ ይጫናል ወይ ብሎ ጠየቀ። 20ኛው ጀልባ ነጂ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ተነሱ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጣና ባሕር ነው የሚሆነው። እኔ ያከልኩት መስታወት በፍጹም ተጋድሞ እንደማይጫን ነው። ቁም እንጂ፤ ወደ ጎኑ ቆሞ በብርድ ልብስ ተለይቶ በገመድ ይታሰራል። የተጋደመ መስታወት በራሱ ክብደት መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። 21ኛውና 22ኛው ስለ እምቦጭና ስለ ዓሣ ዋጋ ማውራት ጀመሩ፤ ሁለቱም የሚገባ ጉዳይ ነው፣ ግን ለብቻው ክር ይከፈትለት።

መልስ 23
መምህርቷ ተመለሱ። በ14ኛዋ እህት ሐሳብ ላይ ተንተርሰው የሰዓሊውን የማርክ ሻጋልን ታሪክ አነሱ። ሻጋል መስታወት ላይ በሰፊው መሥራት የጀመረው ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ ኢየሩሳሌም በሐዳሳ ሆስፒታል ምኩራብ ያለውን የአሥራ ሁለቱን ነገድ መስኮት እ.ኤ.አ. በ1962 ያስመረቀው ከዚያ በኋላ ነው። ነገር ግን ብቻውን አልነበረም፤ በፈረንሳይ ሬምስ ከተማ ሻርል ማርክ የሚባል መስታወት ሠሪ ነበረለት። ሻርል በአንድ ቁራጭ ላይ እስከ ሦስት ቀለም የሚያሳይበትን ዘዴ ፈጠረለት፤ እርሳሱ በየቦታው እየገባ ሥዕሉን እንዳይቆራርጠው ነው። ሻጋል ከዚህ ሰው ጋር ዓመታት ሠርቷል፤ እሱ ይሥል ነበር፣ ሻርል ይቆርጥና ያቃጥል ነበር። ዓለም የሻጋልን ስም ያውቃል። መምህርቷ የጠየቁት ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ በንድፉና በእጁ መካከል ጥበቡ የት ነው ያለው?

መልስ 24
የእኔ መልስ ነው፤ ትንሽ ረዘመ። ሁለቱም ጋ ነው ብዬ ነው የጻፍኩት። የሣለው ሰው መስታወትን ካላወቀ የሣለው አይቆረጥም፤ ወደ ውስጥ የገባ ስለታም ማዕዘን በመስታወት አይወጣም፣ በመሃሉ ይሰበራል። ስለዚህ ሥዕሉ ሲጀመር መስታወት ቆራጭ ከጎኑ መቀመጥ አለበት። የሜትር አርቲስቱም ሁለት ዓመት ጉዞ ለዚህ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ንድፍ ሠርቶ ለሌላ ከመስጠት በፊት መስታወቱ የሚፈልገውን ሊያውቁ።

በዚያው የራሴን ጥፋት ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ትልቅ መስኮት ለአንድ ደብር ስሠራ ከኋላው የሚሻገረውን የብረት ዘንግ ትቼ ነበር፤ ለዓይን አያምርም ብዬ። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ሲሞቅ ይበልጥ ይለሰልሳል። በሁለተኛው በጋ ከሐይቁ የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ እየገፋ መስኮቱን መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ አጎበጠው። የቅዱስ ሚካኤል ሰይፍ ተቀሰረ። ሄጄ ነቅዬ በነጻ ሠራሁላቸው። ዘንጉ አሁን በመስመሩ ሥር ገብቶ ከውስጥ አይታይም። ይህን የጻፍኩት ጀማሪ ካለ እንዳይደግመው ነው።

መልስ 25
ጀማሪ ነበረ። ከጎንደር የጻፈ ወጣት ቀለሙን ለማቃጠል ከቆርቆሮ በርሜል የሠራውን ምድጃ ፎቶ አሳየን። መስታወቱ ሁሉ ተሰነጣጥቆበታል። ያስረዳሁት፣ ቀለሙ የሚጣበቀው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ከማሞቁ ይልቅ ማቀዝቀዙ ነው ቁም ነገሩ። ቀስ ብሎ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ በሩ ሳይከፈት ይቀዝቅዝ። እኔ አንድ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ደንግጬ በሩን ከፍቼ አሥራ አንድ ቁራጭ ፊት አጥቻለሁ፤ የሁለት ሳምንት ሥራ። መብራት ቢጠፋ ዝም ብለህ ተወው፤ ግድግዳው ራሱ ሙቀቱን ይዞ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል።

መልስ 26
ነርስ ናት፤ አመስግነንና አክብረን እናንብባት። እርሳስ መርዝ ነው። የሚበየድበት ክፍል መስኮቱ ተከፍቶ ይሁን፤ እዚያ ቡና አይጠጣ፣ ቁርስ አይበላ፤ እጅ ሳይታጠብ ልጅ አይታቀፍ። የሥራ ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብ። ሕፃናት ላይ አእምሮን እንደሚጎዳ አስጠነቀቀች። መምህሬ ይህን አልነገሩኝም፤ እሳቸውም የነገራቸው አልነበረም። ካነበብኩ ማግሥት የሱቁን የቡና ጀበና አውጥቼ በረንዳ ላይ አደረግሁ።

መልስ 27 እስከ 30
ስለ ዋጋ ነው። 27ኛው ዋጋዬን ግለጥ አለ፤ ከኮሚቴው ፈቃድ ሳላገኝ አልናገርም አልኩ። 28ኛው የዘጌዋ ልጅ ናት፤ ከ15ኛው ጋር ልታስታርቀን ሞከረች። ከአሥራ ሁለቱ ምሥራቁን የሚያየውን ጥቂት መስኮት ብቻ በእውነተኛው ሥሩ፣ ሌላው ንጹሕ መስታወት ይሁን ብላ ሐሳብ አቀረበች። ንጹሑ መስታወት ለሚመጡት ዓመታት ገንዘብ ሲገኝ በቀለሙ እየተተካ ይሄዳል፤ ስቲከርም አይለጠፍበትም። 29ኛው ማተሚያ ቤቱ ያለው ሰው ተመልሶ ጻፈ፤ ትንሽ ለሰለሰ፣ የተቆጣው ሌላ ሰው ከዚያ በፊት ሰድቦት ስለነበር መሆኑን ተናገረ። ሐሳቧንም ተቀበለ። እንዲያውም የኮምፒውተር ንድፍ ለመሥራት ከፈለግሁ በነጻ ሙሉ ልኩን አትሞ ሊሰጠኝ ቃል ገባ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያን ያህል ስፋት ያለው ወረቀት በእጅ መስመር መሥራት አራት ቀን ይፈጅብኛል። 30ኛው ዲያቆኑ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን ብሎ ብቻ ወጣ።

መልስ 31 እና 32
31ኛው የሜትር አርቲስቱን የሐረር ሥራዎች ጠየቀ፤ መምህርቷ ሐረር ጦር አካዳሚም የመስታወት ሥራ እንዳላቸው፣ የራስ መኮንንን የፈረስ ሐውልት የሠሩትም እሳቸው መሆናቸውን መለሱ። ሜትር አርቲስቱ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ማረፋቸውንም አስታወሱን። 32ኛው ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ሰው ተከተለው።

መልስ 33
የኮሚቴው ጸሐፊ ናቸው። ክሩን ከመጀመሪያው አንብበው፣ ስማቸውን ሳይገልጹ፣ ሰብሳቢው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ናሙና ይዤ እንድመጣ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አሥራ ሁለት ሳይሆን ስለ ሦስት መስኮት እንነጋገራለን።

መልስ 34
የእኔ ነው። ናሙናው የማርያም ፊትና ሰማያዊው መጎናጸፊያዋ ብቻ ነው፤ ትልቅ ትሪ የሚያህል። ፊቷ አንድ ቁራጭ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ሙሉ ናቸው። መጎናጸፊያዋ ዘጠኝ ቁራጭ ነው፤ እርሳሱ በእጥፋቱ ላይ ይሄዳል። ስሟ ከሥር ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሱቁ በር ላይ በገመድ አንጠልጥዬ ነበር፤ ብርሃኑ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ሰማያዊው ቀስ እያለ ወደ በሩ ሲሄድ ልጄ እግሯን ውስጡ አስገብታ ቆመች። አሁን ፈትቼ በሁለት ጣውላ መሃል በብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ። እሑድ በባጃጅ ይዤው ስሄድ ቁሞ ነው የሚሄደው፤ እኔ በእጄ እይዘዋለሁ።